የመንገዱ ጠርዝ የማን ነው?

ከደሴ በስተሰሜን፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በተንጣለለው ቦሩ ሜዳ፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ቡና አፍይ በርጩማ ዘርግታለች። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ዕድሜ ልካቸውን ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሌላዋ ደሴ ውስጥ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስብ ማኅበር የምትመራ ወጣት ናት፤ የቤት ኪራይ ረከስ ስለሚል የምትኖረው ቦሩ ሜዳ ነው።

መምህሩ፦ ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ላይ ምን ገጠመኝ መሰለሽ? አንዲት ሚኒባስ ሰው ልታወርድ ጠርዝ ፈለገች። ጠርዙን አይሱዙ ይዞት ስኳር ያራግፋል። ከአይሱዙው ፊት የአሸዋ ክምር አለ። ከአሸዋው ፊት ቲማቲምና ሽንኩርት የዘረጋች ጉልት ተቀምጣለች። ከጉልቷ አጠገብ ደግሞ የእናንተ ማዳበሪያዎች ተደርድረዋል፤ አንዱን ውሻ ዘርግፎታል። ሚኒባሷ መሀል አስፋልት ላይ ቆማ አወረደች፤ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ለቀቀው።

ሰብሳቢዋ፦ ጋሼ፣ «የእናንተ» አሉት? ማዳበሪያው የኛ ነው፤ ጥራጊው ግን የሰፈሩ ነው። እኛ አውጥተን ጠርዝ ላይ ያስቀመጥነው መኪና ይመጣል ተብለን ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ አልጣላሽም። ግን እኔ ነገሩን የማየው ከሥሩ ነው። ሰው ሥርዓት የለውም። ያገኘበት ይጥላል፣ ያገኘበት ያራግፋል፣ ያገኘበት ያቆማል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መቅጣት።

ሰብሳቢዋ፦ ሕጉማ ሞልቷል።

መምህሩ፦ ሞልቷል! የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ስንት ዘመኑ? ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚያንስ፣ በስብሶ አፈር የማይሆን ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ የከለከለው ያኔ ነው። አባወራው እንደገና ሊሠራ የሚችለውን ከሚጣለው ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዘዘውም እሱ ነው። በ2017 ዓ.ም ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት በአዲስ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢቱን ከነጭራሹ አገደው።

ሰብሳቢዋ፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከ1999 ወዲህ ጉልት ሄደው ቲማቲም ሲገዙ በስስ ፌስታል ያልተሰጠዎት ቀን አለ?

መምህሩ፦ እሱስ የለም።

ሰብሳቢዋ፦ ቤትዎ ውስጥስ ሃይላንዱን ከገረባው ለይተው ሰጥተውኝ ያውቃሉ?

መምህሩ፦ አንቺ ልጅ፣ እኔን አትፈትኚኝ! ደግሞ የተቀመጥነው የት እንደሆነ አትርሺ። ቦሩ ሜዳ ድሮም የክርክር አገር ነው። በ1870 ዓ.ም አጼ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ሃይማኖት ያከራከሩት እዚህ ነው።

ሰብሳቢዋ፦ ማን ረታ ታዲያ?

መምህሩ፦ ንጉሡ የደገፉት ወገን ነዋ። ከዚያም አዋጅ ወጣ። የወሎ ሙስሊምም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ታዘዘ። የእነ ሼህ ጦልሃ አመጽ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዋጁን የፈሩት በአፍ ተቀበሉ፣ ልባቸው ግን የነበረበት ቀረ።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲህ አንቱው አሉት፣ እኔ አላልኩም።

መምህሩ፦ ሃይማኖትና ጥራጊ አላወዳድርም!

ሰብሳቢዋ፦ እኔም አላወዳደርኩም። አዋጅ ብቻውን ሰውን እንደማያዞር ግን ከእኔ ይልቅ አንቱ ያውቃሉ። ሰው የሚጥለው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ሊያቆየው አይችልም፣ የሚወስድለት በቀኑ አይመጣም። ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ በአራተኛው ቀን ሲመሽ ያወጣና ቦይ ውስጥ ይለቀዋል።

መምህሩ፦ ሦስት ቀን ማቆየት ምን ችግር አለው? ቆሻሻ አይደል?

ሰብሳቢዋ፦ ውስጡን ስለማያውቁት ነው። ከግማሽ በላዩ እርጥብ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ የቡና አተላ። ጫት ቤት ያለበት ሰፈር ገረባው ብቻውን ማዳበሪያ ይሞላል። ከዚያ አመድ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ከሰል የማይነድበት ቤት የለም። ፍሙ ሳይጠፋ ይሰጡናል፣ ማዳበሪያው ጀርባችን ላይ ይጨሳል። ክረምት ሲገባ በለስ ይመጣል። የበለስ ልጣጭን ጓንት አያቆመውም፤ እሾሁ ከመድቀቁ የተነሣ በዓይን አይለይም፣ ማታ በመብራት እየፈለግን በጥፍራችን ነው የምንነቅለው። ገንዘብ የሚሆነውን ሃይላንድና ካርቶን ቤት ያለችው ልጅ አስቀድማ ለቆራሌው ሸጣዋለች። እኛ ጋ የሚደርሰው ማንም ያልፈለገው ነው። እሱን ሦስት ቀን ቤትዎ ያስቀምጡት እስቲ።

መምህሩ፦ በዓል ሲሆንማ ይብሳል።

ሰብሳቢዋ፦ የበዓል ማግሥትን አያንሱብኝ! ፈርሱ አለ፣ ከፈርሱ ጋር ቆዳው አለ። ድሮ ነጋዴ በር ላይ ተሻምቶ የሚገዛው የበግ ቆዳ ዛሬ ዋጋው ወድቆ ጠርዝ ላይ ይጣላል። የሚገርመው፣ ቆዳ ፋብሪካው ያለው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ ቁልቁል ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ቆዳ ግን ቶሎ ጨው ካልነካው ይበላሻል። ጠዋት ላይ ጨው የያዘ ሰው ቢያልፍ ዕቃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ እኛ ስንደርስ ሽታ ነው። አየሁትና፣ ጋሼ፣ የኔ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው። ጥራጊና ዕቃ የሚለያዩት በሰዓት ነው።

መምህሩ፦ እሺ፣ የሚጣልበት ሰዓት ካስቸገረ የሚጣልበት ቦታ ይብዛ። በየመቶ ሜትሩ አንዳንድ ትልልቅ ገንዳ ይቁም። ሰው ባሻው ሰዓት ወስዶ ይጨምር።

ሰብሳቢዋ፦ የት ላይ? ጂኦግራፊ አስተማሪው አንቱ ነዎት።

መምህሩ፦ እውነትሽን ነው፤ የደሴ ነገር እዚህ ላይ ይከብዳል። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ይዘውታል። ከተማው በመሀል እንደ መቀነት ረዝሞ የተኛ ነው። የአዲስ አበባና የመቀሌ መንገድም የሚያልፈው በዚያው መቀነት ላይ ነው። አገር አቋራጩ አውቶቡስ፣ ሲኖትራኩ፣ ባጃጁ፣ የእጅ ጋሪው፣ እግረኛው ሁሉ የሚሻማው ያንኑ አስፋልት ነው። ወደ ጎን እንዳትሰፊ ተራራ ነው። ከአስፋልቱ ወጥተሽ ወደ ሰፈር ስትገቢ ደግሞ ዳገትና ኮረኮንች ነው፤ ገንዳ የሚያነሳ መኪና አይገባበትም።

ሰብሳቢዋ፦ ስለዚህ ገንዳው የሚቆመው አስፋልቱ ዳር ብቻ ነው። አስፋልቱ ዳር ደግሞ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ጉልቱና አሸዋው አለ። ገንዳ የቆመበት ሱቅ ባለቤት በሦስተኛው ቀን «ከደጄ አንሱልኝ» ይላል፤ አልፈርድበትም። ስናነሳለት የሚቀጥለው ሱቅ ይጮኻል። ሁሉም ገንዳ ይፈልጋል፤ በሌላ ሰው ደጅ።

መምህሩ፦ አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም ደርሷል። ጠርዙ ተነጥፎ፣ መብራት ተተክሎለት፣ አበባ ተደርድሮለት ገንዳ ማን ያስቀምጥበታል?

ሰብሳቢዋ፦ እሱን ነው የምልዎት። ሲነጠፍ ለእግረኛ ይታሰባል፣ ለመኪና ማቆሚያ ይታሰባል። ማዳበሪያው ከቤት ወጥቶ መኪና ላይ እስኪጫን የት ይቆይ የሚለው ግን ማንም ዘንድ የለም። ባለቤት የሌለው ቦታ ላይ ያደረ ዕቃም ባለቤት አይኖረውም።

መምህሩ፦ ባለቤትማ አለው፤ ጎርፉ ነው። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ቆመሽ ተመልከች። ከጦሳ ሥር የተነሳው ውሃ ሰፈሩን ሲሻገር በየቦዩ አፍ የተወሸቀውን ፌስታልና ገረባ ይዞ ወርዶ ቦርከና ውስጥ ይከተዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። ወንዙ ያን ሁሉ ቁልቁለት በዶሮ መዝለያ ገደል ተምዘግዝጎ ይወርዳል። ደሴ ሰኞ የጣለችውን ኮምቦልቻ ሰኞ ማታ ታየዋለች።

ሰብሳቢዋ፦ ኮምቦልቻዎች ይህን ሲያነሱብን እናፍራለን።

መምህሩ፦ ኮምቦልቻም የራሷ አላት። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካዎቿን ፍሳሽ ተቀብለው ቦርከና ላይ ይጨምሩበታል፤ ተመራማሪዎች ውሃውን ለክተው ከባድ ብረት እንዳለበት ጽፈዋል። ነገሩ እዚያም አይቆም። ቦርከና ወደ ጨፋ ረግረግ ይወርዳል። በበጋ የአፋርም የኦሮሞም ከብት ሣርና ውሃ ፍለጋ የሚሰፍረው ጨፋ ላይ ነው። ከዚያ ውሃው አዋሽ ይገባል። የደሴ ጉልት የሰጠችኝ ፌስታል የአፋር ላም ሆድ ውስጥ ቢገኝ አይግረምሽ።

ሰብሳቢዋ፦ ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ናት፣ ቦታ አላት። ገንዳ የማቆሚያ ችግር የለባትም።

መምህሩ፦ ነበር የሚመስለው። ግን ደረቅ ወደቡና ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ናቸው። ተሳቢው ከባድ መኪና የቆመበት ጠርዝ ለሌላ ነገር ይተርፋል? ሰፊ ቦታ ያለው ሁሉ ቶሎ ይሞላል።

ሰብሳቢዋ፦ እንግዲያው ቦታ ማብዛት መፍትሔ አይደለም ማለት ነው። ራስዎ ደረሱበት።

መምህሩ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ! አዲስ አበባን እንውሰድ። ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ከየቤቱ እየሰበሰቡ ገንዳ ያደርሱ ጀመር። ክፍያውም ከውሃ ቢል ጋር ተያይዞ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ይህ መልካም አሠራር አይደለም?

ሰብሳቢዋ፦ መልካም ነው፤ የኛም ማኅበር የዚያ ልጅ ነው። ግን መጀመሪያ ላይ እዚያ ለሰብሳቢ የሚከፈለው በሜትር ኪዩብ ነበር። በመጠን ሲከፈል ሰው ምን ያደርጋል? ማዳበሪያውን ሳይጠቀጥቅ ያነፋፋል። አየርም ይከፈልበታል። በሰዓቱ ስለመድረስ የሚከፍል ግን አልነበረም። የተከፈለበት ነገር ይበዛል፣ ያልተከፈለበት ይቀራል።

መምህሩ፦ አዲስ አበባ መጨረሻው ላይ ነው የተሰናከለችው። ሰንዳፋ ላይ ዘመናዊ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም ሥራ ቢጀምርም በወራት ውስጥ የአካባቢው ገበሬ ተቃወመና ቆሻሻው ወደ ድሮው መጣያ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ማታ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ፤ ብዙዎቹ ከሥሩ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ነበሩ። ነሐሴ 2010 ላይ ደግሞ የረጲው ማመንጫ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እያቃጠለ 25 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ ታስቦ።

ሰብሳቢዋ፦ የኛን አገር ጥራጊ ለማቃጠል መጀመሪያ ማድረቅ ያስፈልጋል። እርጥቡን ከደረቁ ሳትለይ ወደ እሳት መላክ እርጥብ ማገዶ እንደ መማገድ ነው። ቆሼም ያስተማረኝ ይህንኑ ነው፤ ከደጃችን ስለራቀ አለቀ አይባልም።

መምህሩ፦ ልጄ ኒውዮርክ ነው የሚኖረው። በዚያ ሀብትና በዚያ ፎቅ መሀል የቆሻሻ ከረጢት የእግረኛ መንገድ ላይ ተቆልሎ ያድራል ሲለኝ አላመንኩትም ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በየካቲት 1968 የጽዳት ሠራተኞቹ ለ9 ቀን ሥራ ቢያቆሙ ከተማው ተቀበረ ማለት ይቻላል። ንግድ ቤቶች ሁሉ ክዳን ያለው በርሜል እንዲጠቀሙ የታዘዙት በ2024 ነው። ቀጥሎ ትልልቅ ገንዳ አስፋልት ዳር ይቁም ሲባል ክርክሩ ምን ሆነ መሰለሽ? የመኪና ማቆሚያችንን ወሰዳችሁብን!

ሰብሳቢዋ፦ አብሽሩ፣ እንግዲያው የኛ ብቻ አይደለም። ካይሮንስ ሰምተዋል? እዚያ ዘባሊን የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከየፎቁ ደጃፍ እየሰበሰቡ፣ እየለዩና እየሸጡ ኖረዋል፤ ከሰበሰቡት አብዛኛውን መልሰው ጥቅም ላይ ያውላሉ። በፈረንጆቹ 2003 መንግሥት የስፔንና የጣሊያን ኩባንያዎች አመጣ። ኩባንያዎቹ ደግሞ ሰውን «ወርደህ ጥግ ላይ ያቆምንልህ ገንዳ ውስጥ ጨምር» አሉት። ከደጁ ይወሰድለት የነበረ ሰው ወርዶ አልጨመረም። መኪናቸውም ጠባቡ መንገድ ውስጥ አልገባላቸውም። ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። በኋላ ዘባሊን ተመለሱ።

መምህሩ፦ ይህን ከየት አገኘሽው?

ሰብሳቢዋ፦ ሥልጠና ላይ ነው። የወደድኩት ግን የታይፔን ነው። ታይዋን ውስጥ ቆሻሻ መሬት እንዳይነካ ወስነው መንገድ ላይ ገንዳ አያቆሙም። መኪናው በታወቀ ሰዓት ሙዚቃ እያሰማ ይመጣል። ሰው ከረጢቱን ይዞ ወርዶ ራሱ ይጥላል፤ የሚበሰብሰውን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ። ታይፔ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2000 ጀምሮ የሚከፍሉት በከረጢት ነው፤ ብዙ የጣለ ብዙ ይከፍላል። መኪናው ሲሄድ ጠርዙ ባዶ ነው።

መምህሩ፦ እነሱ ሀብታም ናቸው።

ሰብሳቢዋ፦ ሰዓት ማክበር ስንት ብር ነው? ጋሼ፣ ደሴ የጎደላት ቦታ ነው። ቦታን መጨመር አይቻልም፤ ጦሳን ማን ይገፋዋል? ሰዓትን ግን መሸንሸን ይቻላል። አንዱን ጠርዝ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ለማዳበሪያ ይስጡን፤ ከዚያ እስከ 3 ሰዓት አይሱዙው ያራግፍ፤ ቀኑን ታክሲው ያውርድበት፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ጉልቷ ትዘርጋ። የአሸዋ ክምር በየትኛውም ሰዓት አይገባም፤ የሚያሠራው ሰው ግቢው ውስጥ ያስገባ። እንግዳ ነገር አላመጣሁም። ሰኞ ገበያ ያለበት ከተማ ነው፤ አንዱን መሬት በቀን ከፍሎ መጠቀም ያሳደገን ነገር ነው።

መምህሩ፦ ያምራል። ነገር ግን ጉልቷ ቀኑን ሙሉ ካልሸጠች ምን ትብላ? አንቺ የከፈልሽው ሰዓት ከአይሱዙው ይልቅ እሷን ነው የጎዳው።

ሰብሳቢዋ፦ እሱ ላይ እውነት አለዎት። ለእሷ ቀን የምትቀመጥበት የውስጥ መንገድ መፈለግ አለበት፤ ጠርዙን ለባለ መኪና ብቻ አንሸልምም።

መምህሩ፦ ሁለተኛ፣ መኪናው ባይመጣስ? ነዳጅ ጠፋ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ሹፌር ቀረ። አንድ ሰዓት ተኩል ያልሽው ማዳበሪያ እስከ ማግሥቱ ይተኛል፤ ሌሊት ውሻና ጅብ ይካፈሉታል። ሕዝቡስ? ሁለት ጊዜ ካታለልሽው በሦስተኛው ወደ ቦዩ ይመለሳል።

ሰብሳቢዋ፦ ዋናው ሕመም እሱ ነው፤ አልክድም። እኛ በ12 ሰዓት ወጥተን፣ ሰፈሩን አዳርሰን፣ ጠርዝ ላይ ደርድረን እንቆማለን። መኪናው 5 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ወይም አይመጣም። የሚሰደበው ግን ማዳበሪያው አጠገብ የቆመው ነው። የቤት እመቤቷ «ለምን እከፍላለሁ?» ትላለች፤ የወር ክፍያው ይቀራል። ክፍያው ሲቀር ሁለት ልጆች ሥራ ይለቃሉ፤ ሁለት ሰው ሲጎድል ደግሞ ዳገት ላይ ያሉት ቤቶች ይዘለላሉ። እነዚያ ቤቶች ናቸው ቦይ ውስጥ የሚጥሉት። ደንብ አስከባሪ የሚደርሰው እዚያ ላይ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችውን ሴት ይቀጣና ይሄዳል።

መምህሩ፦ ስለዚህ ቅጣት አይኑር ነው የምትይው?

ሰብሳቢዋ፦ ይኑር። ግን ከላይ ይጀምር። ለየሰፈሩ ሰዓቱ ተጽፎ በየቀበሌው ይለጠፍ። መኪናው ካረፈደ የሚጠየቅ ስም ያለው ኃላፊ ይኑር። እኛም ካረፈድን እንቀጣ።

መምህሩ፦ በአፍ ቀላል ነው። ማኅበርሽ ይህን በውል ይፈርማል?

ሰብሳቢዋ፦ እኔ እፈርማለሁ። ባልደረስንበት ቀን የዚያ ቀን ድርሻ ከየቤቱ ክፍያ ይቀነስ። አባላቱ ይጮሁብኛል፣ አውቃለሁ። ግን መኪናውም በዚያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ አልፈርምም።

መምህሩ፦ ማዘጋጃ ቤት ራሱን ሲቀጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ሰብሳቢዋ፦ አላየሁም። ራሱን ካልቀጣ ግን እንጀራዋን የምትጋግረውን ሴት ለመቅጣት ምን አፍ አለው?

መምህሩ፦ እኔ ከቅጣቱ አልወረድኩም፣ እወቂው። ሦስት ወር ሙሉ መኪናው ሰዓቱን ከጠበቀ፣ በአራተኛው ወር ቦይ ውስጥ የሚጥል ላይ ምሕረት የለኝም። እኔው ራሴ እመሰክርበታለሁ።

ሰብሳቢዋ፦ ይመስክሩ። የሚመሰክሩት ግን ጎረቤትዎ ላይ ነው። ሐዘን የሚቀመጡት አብረውት፣ ዕድር የሚከፍሉት አብረውት ነው።

መምህሩ፦ እሱ ነው የከበደኝ።

ሰብሳቢዋ፦ ለሁላችንም ከብዶናል። ስለዚህ ነው መኪናውን አስቀድሙት የምለው። መኪናው በሰዓቱ ከመጣ ምስክር የሚያስፈልገው ሰው ትንሽ ነው፤ ካልመጣ ግን ከተማውን ሁሉ መቅጣት ሊኖርብዎት ነው። ለዚያ የሚበቃ ደንብ አስከባሪ ደሴ የላትም።

መምህሩ፦ በይ ውሉን አርቅቂውና አምጪልኝ። ሰዋስውን እኔ አርማለሁ፤ ስለ ጉልቷ ያልሽውን አንቀጽ ግን መጀመሪያ አስገቢው፤ መጨረሻ ላይ ከተጻፈ ማንም አያነበውም።